የወይን ክሎን ምርጫ ለሞቃት አየር፦ ከሐዋሳ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። በሐዋሳ ዙሪያ በጠብታ መስኖ የሚለማ ሦስት ሄክታር መሬት ያላቸውና ለወይን ጠጅ የሚሆን ወይን ለመትከል የተዘጋጁ አንድ አልሚ፣ ከውጭ አገር ችግኝ ጣቢያ የደረሳቸውን፣ የወይን ዝርያዎችን ስምና የክሎን ቁጥሮቻቸውን የሚዘረዝር የዋጋ ማቅረቢያ ጠቅሰው፣ «ሲራ በ470፣ በ174 እና በ383፤ ሻርዶኔ በ76 እና በ548፤ ካበርኔ ሶቪኞ በ169 እና በ337 ቀርቦልኛል። ለሞቃት አየር የሚስማማው የትኛው ቁጥር ነው? ወይስ እዚሁ አገር ካለ እርሻ ቁርጥራጭ ብወስድ ይሻለኛል?» ሲሉ ጠይቀዋል። አዳማ ላይ ተመሳሳይ ዕቅድ የያዙ ሰዎችም ይህንኑ ደጋግመው ስለሚያነሱ፣ ምላሹን ለሁለቱም አካባቢዎች በሚጠቅም መልክ አቀርበዋለሁ። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። ከሲራ 470ን እና 174ን ይያዙ፣ 383ን ይሰርዙ። ከካበርኔ ሶቪኞ 169ን ይያዙ፣ 337ን ይተዉ። ከሻርዶኔ 548ን አይግዙ፤ 76ንም ቢሆን የሚገዙት በጠርሙሱ ላይ ሻርዶኔ የሚል ስም የሚፈልግ ገዢ አስቀድመው ካገኙ ብቻ ይሁን። ይህን የምለው ቁጥሮቹ መጥፎ ስለሆኑ አይደለም። አብዛኞቹ በተመረጡበት አገር የተመሰገኑ ናቸው፤ ነገር ግን እነርሱን የመረጡት ሰዎች የነበረባቸው ችግር ከእርስዎ ችግር ጋር ተቃራኒ ስለነበረ፣ እዚያ ያስመሰገናቸው ጠባይ እዚህ ጉዳት ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ክሎን ማለት ከአንድ ከታወቀ እናት ተክል በቁርጥራጭ ብቻ እየተባዛ የመጣ የተክሎች ቤተሰብ ነው። ወይን ከዘር ቢበቅል ልጁ እናቱን ስለማይመስል፣ ገበሬው ከጥንት ጀምሮ የሚያባዛው በቁርጥራጭ ነው፤ በዚህ ረጅም ዘመን ውስጥ አልፎ አልፎ በአንዲት ዐይን ላይ ትንሽ የዘረመል ለውጥ ይከሰትና ከዚያች ዐይን የሚወጣው ቀንበጥ ከቀሪው ተክል በጥቂቱ ይለያል። ፒኖ ግሪ እና ፒኖ ብላን የፒኖ ኑዋር የቀለም ለውጦች መሆናቸው የዚህ ጉልህ ማስረጃ ነው። አብዛኛው ልዩነት ግን ይህን ያህል ዐይን አይስብም፦ ዘለላው ላላ ይላል፣ ፍሬው ያንሳል፣ ምርቱ ከፍ ወይም ዝቅ ይላል፣ ብስለቱ በጥቂት ቀናት ይዘገያል። በአንድ ዝርያ ክሎኖች መካከል ያለው የብስለት ልዩነት አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሳምንት ብዙም አይርቅም፤ በሁለት ዝርያዎች መካከል ያለው ግን ወር ሊሞላ ይችላል። ስለዚህ ለቦታው ያልተስማማን ዝርያ በክሎን አስተካክላለሁ ብሎ መነሣት ገንዘብን በከንቱ ማውጣት ነው።

ክሎንን በሥርዓት መምረጥ የተጀመረው በጀርመን ሲሆን፣ ጉስታቭ ፍሮሊሽ የተባለ ሰው በ1876 ሲልቫነር በሚባለው ዝርያ ላይ ሥራውን እንደ ጀመረ ይነገራል። ፈረንሳይ የመጀመሪያዎቹን ክሎኖቿን በይፋ ያጸደቀችው በ1971 ነው፤ በዋጋ ማቅረቢያዎ ላይ ያሉት ቁጥሮችም የዚሁ የፈረንሳይ መዝገብ ቁጥሮች ናቸው። የዚያን ጊዜ መራጮች የሚያሳስቧቸው ነገሮች ግልጽ ነበሩ፦ ተክሉ ከቫይረስ የጸዳ ይሁን፣ ምርቱ ዓመት ዓመት አይዋዥቅ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የመስከረምና የጥቅምት ዝናብና ብርድ ሳይደርስበት ስኳሩን ይሙላ። በቡርጎኝም ሆነ በቦርዶ ፍሬው በቅጡ ሳይበስል የሚለቀምባቸው ዓመታት ጥቂት ስላልነበሩ፣ ቶሎ የሚበስልና ስኳሩ ከፍ የሚል ክሎን እንደ ሀብት ይቆጠር ነበር። ዛሬ እዚያም አየሩ ሞቆ፣ ዘግይቶ የሚበስልና አሲዱን የማይጥል ተክል ፍለጋ በአሮጌ እርሻዎቻቸው ውስጥ ቀድሞ የናቋቸውን ሐረጎች እንደገና መመርመር ይዘዋል። እርስዎም የክሎኖቹን መግለጫ ሠንጠረዥ ሲያነቡ «ቀዳሚ ብስለት» እና «ከፍተኛ ስኳር» የሚሉትን እንደ ምስጋና ሳይሆን እንደ ማስጠንቀቂያ ቢወስዷቸው ብዙ አይሳሳቱም።

ይህ ሲባል ግን ለሞቃት አገር ተብሎ የተጻፈ ምክር ሁሉ ለሐዋሳ ይሠራል ማለት አይደለም። አብዛኛው ምክር የሚመጣው ከአውስትራሊያው ባሮሳ ወይም ከካሊፎርኒያ መካከለኛ ሸለቆ ነው። የእነዚያ አገሮች በጋ ከእኛ ይልቅ የሚያቃጥል ቢሆንም የብርድ ወራት አሏቸው፤ ወይኑ ቅጠሉን አራግፎ ያርፍና በጸደይ ዐይኖቹ በአንድነት ይፈነዳሉ። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ፣ አዳማም ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የሚገኙ ሲሆን፣ አማካይ ሙቀታቸው በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ዙሪያ ነው፤ የቀኑም ርዝመት ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙ አይርቅም። እኛን የቸገረን የሐሩሩ ብዛት ሳይሆን የዕረፍት ጊዜ አለመኖር ነው፤ ወይኑ ቅጠሉን ጨርሶ ሳይጥል ዓመቱን ሙሉ መብቀል ይፈልጋል። ስለዚህ ለእኛ የሚቀርበው አርአያ ከምድር ወገብ በስተደቡብ ከ8 እስከ 9 ዲግሪ ላይ የሚገኘው የብራዚል የሳን ፍራንሲስኮ ሸለቆ ወይም የታንዛኒያው ዶዶማ ነው፤ በሁለቱም ቦታ የመልቀሚያውን ወቅት የሚወስነው ገበሬው የገረዘበት ቀን ሲሆን ከአንድ ማሳ በዓመት ሁለት ጊዜ መልቀም የተለመደ ነው። ከአገራችንም ዝዋይ ላይ በካስቴል እርሻ ሲራ፣ መርሎ፣ ካበርኔ ሶቪኞ እና ሻርዶኔ ተተክለው ከ2014 ጀምሮ በጠርሙስ ለገበያ ስለ ቀረቡ፣ ዝርያዎቹ በስምጥ ሸለቆ ይበቅላሉ ወይ የሚለው ጥያቄ መልስ አግኝቷል። የቀረው እንዴት ባለ ጠባይ ይበቅላሉ የሚለው ነው።

ክሎኑን ከመምረጥዎ በፊት የሚገርዙበትን ወር ይወስኑ፤ ምርጫውን የሚያጠብበው እርሱ ነውና። የክረምቱ ዝናብ ሲያባራ፣ በመስከረም መጨረሻ ገደማ ቢገርዙ፣ አበባው በደረቁ ጥቅምትና ኅዳር ይውላል፣ ፍሬው ቀለም የሚይዘው ሌሊቱ በሚቀዘቅዝበት በታኅሣሥና በጥር ይሆናል፣ ለቀማውም በጥር መጨረሻና በየካቲት ይደርሳል። ቀደም ብለው በሐምሌ መጨረሻ ቢገርዙ ፍሬው በኅዳርና በታኅሣሥ ብርዳም ሌሊት ይበስልልዎታል፤ ነገር ግን ለጋው ቀንበጥና አበባው በነሐሴ ዝናብ ውስጥ ስለሚወድቁ ዳውኒ ሚልዲው ከሚባለው የእርጥበት ወራት የቅጠልና የፍሬ በሽታ ጋር የሚያደርጉት ትግል የመድኃኒት ወጪዎን ያንረዋል። እኔ የመስከረሙን እመርጣለሁ። እዚህ ላይ ሐዋሳና አዳማ ይለያያሉ፦ በሐዋሳ የበልጉ ዝናብ ጠንከር ብሎ ከመጋቢት ስለሚጀምርና አንዳንድ ዓመት በየካቲትም ስለሚቀድም፣ እጅግ የሚዘገይ ክሎን ወይም ዝርያ ሲበስል ዝናብ ይደርስበታል፤ አዳማ ላይ በልጉ ሳሳ ያለ በመሆኑ ሁለት ሦስት ሳምንት የመቆየት ዕድል አለ። ዘግይቶ የሚበስለው ይሻላል ስል እንግዲህ ለሐዋሳ ወሰን ያለው ምክር ነው።

አሁን ወደ ጠባዮቹ ልግባ። ለሐዋሳ በመጀመሪያ ደረጃ የማስቀምጠው የዘለላውን መላላት ነው። የታመቀ ዘለላ ውስጡ አይደርቅም፤ ፍሬዎቹ ሲያብጡ እርስ በርሳቸው ተገፋፍተው ልጣጫቸው ይሰነጠቃል፣ ጭማቂው ይወጣል፣ ከዚያ ወዲያ ሻጋታውና የሆምጣጤ ዝንቧ ይከተላሉ። የመድኃኒት ርጭትም ወደ ውስጥ አይገባም። ዓለም አቀፉ የወይን መግለጫ መስፈርት የዘለላን እፍጋት ከ1 እስከ 9 ይሰጠዋል፤ 1 ማለት ፍሬዎቹ ተራርቀው የየራሳቸው ዘንግ የሚታይበት ነው፣ 9 ደግሞ ፍሬዎቹ ከመጨናነቃቸው የተነሣ ክብነታቸውን ያጡበት ነው። ይህን ለማየት መሣሪያ አያስፈልግም፦ ሊለቀም የደረሰ ዘለላ በመዳፍ ይዘው በሌላው እጅዎ ጣት አንዷን ፍሬ ገፋ ሲያደርጓት ተንቀሳቅሳ ጎረቤቷን ካላነቃነቀች ላላ ያለ ነው፤ ጠቅላላው ዘለላ እንደ አንድ ድንጋይ አብሮ ከዞረ የታመቀ ነው። ከችግኝ ጣቢያው ይህን ቁጥር በጽሑፍ ይጠይቁ፤ የዘለላውን ፎቶግራፍም ያስልኩ፣ ፎቶግራፉ ግን በአበባ ወቅት ዝናብ የጣለበት ዓመት እንዳይሆን፤ አበባው በዝናብ የረገፈበት ዘለላ የትኛውም ክሎን ቢሆን ላላ ብሎ ይታያልና።

ሁለተኛው ነገር አሲዱ ነው። በወይን ፍሬ ውስጥ ያሉት ሁለቱ ዋና አሲዶች ማሊክ እና ታርታሪክ ናቸው። ማሊኩን ተክሉ ራሱ በሙቀት ጊዜ እየተነፈሰ ያቃጥለዋል፤ ታርታሪኩ ግን ይጸናል። ስለዚህ በሞቃት ቦታ ከጅምሩ የታርታሪክ ድርሻው ከፍ ያለ ክሎንና ዝርያ ይሻላል፤ ጠቅላላ አሲድ ብቻ የሚጽፍ ሠንጠረዥ ግማሹን ነው የሚነግርዎት። ከዚህ ጋር ፒኤች የሚባለው ልኬት አለ፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን አሲዱ የደከመ ነው። ከእሳተ ገሞራ የመጣው የስምጥ ሸለቆ አፈር አብዛኛውን ጊዜ በፖታሲየም የበለጸገ በመሆኑ፣ ሥሩ የሳበው ፖታሲየም ወደ ፍሬው ገብቶ ታርታሪኩን ያስርና ፒኤቹን ከፍ ያደርገዋል። ፒኤቹ 3.8 የደረሰ ጭማቂ በ3.4 ካለው ጋር እኩል እንዲጠበቅ ከሁለት እጥፍ የሚበልጥ ነጻ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ይፈልጋል፤ ቀለሙም ይደበዝዛል፣ ባክቴሪያም ይዳፈረዋል። ጠማቂዎች ከውጭ የተገዛ ታርታሪክ አሲድ በመጨመር ሊያስተካክሉት ይችላሉ፣ ያስተካክሉትማል፤ ወጪው ግን ከመጠን በላይ ስኳር ላለው ፍሬ ገበሬው ላይ ከሚወርደው የዋጋ ቅናሽ ጋር ተደምሮ ሲታይ ቀላል አይደለም።

ሦስተኛው ጠባይ በቀዝቃዛ አገር ብዙም አይነሣም፤ እኛ ዘንድ ግን ሊታለፍ አይገባም። ብርድ ያላገኘ ወይን ሲገረዝ ጫፍ ላይ ያለችው ዐይን ትፈነዳለች፣ ከበታቿ ያሉት ግን ተኝተው ይቀራሉ። ረጅም ሐረግ ትተው ከገረዙ መካከሉ ባዶ የሆነ መስመር ያገኛሉ። መፍትሔው ሁለት ዐይን ብቻ አስቀርቶ አሳጥሮ መግረዝ ነው፤ ይህ ደግሞ የሚያዋጣው ከግንዱ የቀረቡት የታችኞቹ ዐይኖች ፍሬ የሚሰጡ ከሆነ ነው። ስለዚህ «የታችኛ ዐይን ፍሬያማነቱ ምን ያህል ነው?» ብለው በእያንዳንዱ ክሎን ላይ ይጠይቁ። ዐይኖቹ እኩል እንዲፈነዱ ከተገረዘ በኋላ የሚቀባው ሃይድሮጅን ሳያናማይድ በሞቃት አገሮች የተለመደ ቢሆንም ለሰው መርዛማ ነው፤ ከመርጨቱ በፊትና በኋላ ባሉት ቀናት አልኮል የጠጣ ሠራተኛ ፊቱ ቀልቶ፣ ልቡ በኃይል መትቶ ሊወድቅ ይችላል። በወይን ጠጅ እርሻ ላይ መጠጥ የሚከለከልበት ሳምንት መኖሩ ያስገርም ይሆናል፤ ትእዛዙ ግን በጽሑፍ መውጣትና መከበር አለበት።

ሲራን በተመለከተ የክሎን ቁጥር የገንዘብ ጉዳይ ነው። ከ1990ዎቹ ጀምሮ በደቡብ ፈረንሳይ የሲራ እርሻዎች ላይ አንድ እንግዳ መዳከም ታየ፦ ላይኛው ተክል ሥር ከሚሰጠው ተክል ጋር በተጋጠመበት ቦታ ግንዱ ያብጣል፣ ልጣጩ ሲነሣ እንጨቱ በጥልቅ ተሰነጣጥቆ ይታያል፣ ቅጠሉ ያለ ጊዜው ይቀላል፣ ተክሉም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይሞታል። መንስኤ የሚሆን ተሕዋስ አልተገኘም፤ የታወቀው ነገር ችግሩ ከክሎን ክሎን በእጅጉ መለያየቱ ነው። 470፣ 524 እና 747 እጅግ ጥቂት የሚጠቁ ሲሆኑ 383 በብርቱ ከሚጠቁት ወገን ነው፤ 174 በመካከል ይገኛል። ችግኝ ጣቢያው 383ን በቅናሽ ቢያቀርብልዎት ምክንያቱ ይኸው ሊሆን ይችላል። 470 ምርቱ ዝቅ ያለ፣ ፍሬው አነስ ያለ፣ መዓዛውና ቀለሙ ጠንካራ ነው፤ በመስኖ ለሚለማ ለም መሬት ይህ ዝቅተኛ ምርት ልጓም ይሆንለታል። 174 ደግሞ በምርት መካከለኛ ስለሆነ የሄክታሩን ገቢ ያመጣጥናል። ለአዳማ አንባቢዎች አንድ ነገር ልጨምር፦ የሲራ ቀንበጥ ረጅምና ተሰባሪ ነው፤ በድምሩ ከ200 ሜጋ ዋት በላይ የሚያመነጩ የነፋስ ተርባይኖች በቆሙባት ከተማ ዙሪያ ሲተክሉት ቀንበጡን ቶሎ ቶሎ በድርብ ሽቦ መካከል ማስገባት ግድ ነው። በዚህ በኩል የሚረዳ ክሎን የለም።

በሻርዶኔ ላይ ቸልተኛ መስዬ ከታየሁ ምክንያት አለኝ። ቀድሞ የሚፈነዳና ቀድሞ የሚበስል ዝርያ ነው፤ ዘለላው ትንሽና የታመቀ ነው። 548 በቡርጎኝ የተወደደው ዘለላው አንሶ ስኳሩ ስለሚከማች ነው፤ እዚህ ግን ያ ክምችት አሲዱን ጥሎ በፍጥነት ይመጣል፣ ለቀማውም በጥቂት ቀናት ቢዘገይ ከባድ የአልኮል መጠን ያለው ለዛ ቢስ ወይን ጠጅ ይሆናል። ሻርዶኔ ግድ ከሆነ ከፈረንሳይ ቁጥሮች ይልቅ በካሊፎርኒያ ዴቪስ መዝገብ 04 የተባለውን ይጠይቁ፤ ዘለላው ከበድ ያለ፣ ምርቱ ከፍ ያለ፣ ብስለቱም የዘገየ ነው። በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ የታወቀው ሜንዶዛ የተባለውም ክሎን አለ፤ በአንድ ዘለላ ውስጥ ትልልቅና ጥቃቅን ፍሬዎች ይደባለቁበታል፣ ምርቱ ያንሳል፣ አሲዱን ግን ይይዛል። የእኔ ምክር ከዚህ ሁሉ ይልቅ ዝርያውን መቀየር ነው፦ ሼኒን ብላን በተፈጥሮው አሲዳም ነው፣ ዶዶማ ላይም በሰፊው ይለማል። ከቀይም ቢሆን ባርቤራ በሙቀት ውስጥ አሲዱን በመያዝ የታወቀ ስለሆነ ከሲራ ጋር ለመቀላቀል ግማሽ ሄክታር ቢሰጡት አይቆጭዎትም።

ካበርኔ ሶቪኞ ብዙ አያከራክርም። ልጣጩ ወፍራም፣ ዘለላው ላላ ያለ፣ ብስለቱ የዘገየ ስለሆነ በማንኛውም ክሎን ይቋቋማል፤ 337ን የምተወው ስኳሩን ቀድሞ ከሚሞሉት ወገን ስለሆነ ብቻ ነው። ሐዋሳ ላይ ግን የለቀማው ቀን ከበልጉ ጋር እንዳይጋጭ ከሁሉ አስቀድመው ይህን ይግረዙ።

«ከዚሁ አገር ቁርጥራጭ ብወስድስ?» ላሉት፣ ሐሳቡ በዋጋም በመላመድም ማራኪ ነው፤ ያለ ምርመራ ግን አይሞክሩት። ቁርጥራጭ የእናቱን ጠባይ እንደሚወርስ ሁሉ የእናቱን ቫይረስም ይወርሳል፤ ወይን ከተያዘ በማሳ ላይ የሚያድን መድኃኒት የለም። ዋናው ሥጋት የቅጠል መጠቅለል ቫይረስ ነው። ምልክቱን ለማየት የሚመቸው ፍሬው ሊለቀም ሲቃረብ ነው፦ በቀይ ዝርያዎች ላይ ከታች ያሉት ቅጠሎች በጅማቶቹ መካከል ደም መስለው ይቀላሉ፣ ጅማቶቹ ግን አረንጓዴ ሆነው ይቀራሉ፣ የቅጠሉም ጠርዝ ወደ ታች ይጠቀለላል። በነጭ ዝርያዎች ላይ ደብዘዝ ያለ ቢጫነት ብቻ ስለሚታይ ብዙዎች ያልፉታል፤ ቅጠሉ በማይረግፍበት በእኛ አየር ደግሞ ከፖታሲየም ወይም ከማግኒዚየም እጥረት ጋር ይምታታል። ስለዚህ ዐይንን ብቻ አምኖ መወሰን አይገባም፤ ከእያንዳንዱ እናት ተክል ናሙና ተወስዶ ኤሊዛ ወይም ፒሲአር በሚባሉት የላቦራቶሪ ዘዴዎች መመርመር አለበት። አንዳንድ ሰው «ቫይረሱ ብስለትን ካዘገየ ለሞቃት አገር ይጠቅም የለ?» ሲል እሰማለሁ። አይጠቅምም፤ የሚያዘገየው ስኳሩን ብቻ ሳይሆን ቀለሙን ጭምር ነው፣ ምርቱንም ይቀንሳል፤ ሚሊባግ የሚባለው ነጭ ነፍሳትም ቫይረሱን ከረድፍ ወደ ረድፍ ያዛምተዋል፣ ጉንዳኖችም ከእርሱ የሚያገኙትን ጣፋጭ ፈሳሽ ፈልገው ይጠብቁታል። ምርመራውን ያለፈ ነባር ተክል ከተገኘ ግን እጅግ ደስ ይለኛል፤ በአካባቢው ለዓመታት ሲያፈራ የቆየ ሐረግ ማንኛውም የውጭ ሠንጠረዥ የማይነግረንን ይነግረናልና።

ስለ ሥር ሰጪው ተክል፣ ሩትስቶክ ስለሚባለው፣ በጥያቄዎ ውስጥ አንድም ቃል አለመኖሩ አሳስቦኛል። በክሎን የሚሳሳት ሰው ጥራት ያጣል፤ በሥሩ የሚሳሳት ግን ተክሉን ሊያጣ ይችላል። የስምጥ ሸለቆ ወለል በብዙ ቦታ አሸዋማና ቀላል፣ ጨዋማነትና ሶዳማነት የሚያጠቃው ነው፤ አሸዋማ መሬት ደግሞ ሥርን የሚያሳብጠው፣ ኔማቶድ የሚባለው ጥቃቅን ትል የሚመቸው ነው። ቲማቲም ይመረትበት የነበረ መሬት ከሆነ ኔማቶዱ አስቀድሞ ገብቶበታል ብለው ያስቡ። ራምሲ የተባለው ሩትስቶክ ኔማቶድንና ጨውን አጥብቆ ይቋቋማል፤ ነገር ግን ጉልበቱ ከልክ በላይ ነው፣ ፖታሲየምም በብዛት ይስባል፤ ከላይ የተናገርኩትን የፒኤች ችግር ያባብሰዋል። እኔ ለአብዛኛው ማሳ 1103 ፖልሰን የተባለውን እመርጣለሁ፦ ኖራማነትን፣ ድርቅንና መጠነኛ ጨውን ይችላል። ኔማቶዱ ቀለል ባለበትና መሬቱ ጥልቅ በሆነበት ቦታ ለካበርኔ 110 ሪሽተር ጉልበቱን ይቀንስልዎታል። የመስኖ ውሃዎም ከጉድጓድ ከሆነ፣ ሐዋሳ ሐይቅ የገጸ ምድር መውጫ የሌለው በመሆኑ በዙሪያው ያለውን ውሃ ጠባይ በግምት መወሰን አይቻልም፤ የሶዲየምና የጨው መጠኑን አስለክተው ውጤቱን ለችግኝ ጣቢያው ይላኩ።

ከዚህ በኋላ የቀረው ስንት ክሎን ይተከል የሚለው ነው። አንድ ብቻ አይትከሉ። አንቴሮ ማርቲንስ የተባሉት ፖርቱጋላዊ የዘረመል ሊቅና ባልደረቦቻቸው ለአሥርት ዓመታት እንዳሳዩት፣ አንድ ክሎን በአንድ ቦታ የበለጠውን ያህል በሌላ ቦታ ወይም በሌላ ዓመት ሊያንስ ይችላል፤ በመለኪያ የተመረጡ የብዙ ክሎኖች ድብልቅ ግን ከቦታ ቦታ የማይናወጥ ውጤት ይሰጣል። ስለዚህም ፖርቱጋል ውስጥ ከሰባት እስከ ሃያ የሚደርሱ የተመረጡ ክሎኖችን በአንድነት ለገበሬ ማቅረብ የተለመደ ሆኗል። ሦስት ሄክታር ላለው ሰው ሃያ ክሎን አይገኝም፣ አያስፈልግምም፤ ሲራውን በ470 እና በ174፣ ቢገኝ በ747 ማዋቀር በቂ ነው። በ2.5 ሜትር የረድፍ ርቀትና በ1 ሜትር የተክል ርቀት አንድ ሄክታር 4,000 ተክል ይወስዳልና፣ ሦስቱን ክሎኖች ሙሉ ረድፍ በረድፍ እያፈራረቁ ይትከሉ፤ እያንዳንዱን በማሳው ዳር ለየብቻ ማስቀመጥ ግን የአፈሩን ልዩነት የክሎን ልዩነት አስመስሎ ያሳስትዎታል። በለቀማ ሰሞን ከእያንዳንዱ ክሎን 100 ፍሬ ከዘለላው አናት፣ ከመካከልና ከታች፣ ከፀሐይና ከጥላ ወገን ለቅመው ይመዝኑ፤ ጨምቀው ብሪክሱን፣ ማለትም የስኳሩን መጠን፣ በሪፍራክቶሜትር፣ ከዚያም ፒኤቹንና ጠቅላላ አሲዱን ያስለኩ። የመጀመሪያው ዓመት ፍሬ ብዙ አይናገርም፤ ከሦስተኛው ለቀማ በፊት ስለ የትኛውም ክሎን ባይፈርዱ ይሻላል።

ግዢውን በተመለከተ ቅድሚያ የሚሰጠው ለወቅቱ ነው። ከሰሜኑ የዓለም ክፍል ግራፍት የተደረገ፣ ማለትም በሩትስቶክ ላይ የተጋጠመ፣ ችግኝ ከቀዝቃዛ መጋዘን ወጥቶ የሚላከው ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ስለሆነ፣ ሐዋሳ የሚደርሰው በበልግ ነው፤ ለጋው ቀንበጥ ከዚያ ቀጥታ ወደ ክረምቱ ዝናብ ይገባል። ከደቡብ አፍሪካ የሚመጣው ግን በእነርሱ ብርድ ወራት፣ ከሐምሌ እስከ መስከረም ስለሚነቀል፣ የእኛ ዝናብ ሲያባራ ለመትከል ይደርሳል፤ ዋጋው ተቀራራቢ ከሆነ ወቅቱ ለደቡቡ ያደላል። የትኛውንም ቢመርጡ ክፍያ ከመፈጸምዎ በፊት ከኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን የዕፅዋት ማስገቢያ ፈቃድ ይውሰዱ፤ ላኪው አገር የሚሰጠው የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት በፈቃዱ ላይ የተጻፉትን መስፈርቶች አንድ በአንድ ማሟላት ስላለበት፣ ፈቃዱ ቀድሞ በላኪው እጅ መሆን አለበት። ከቫይረስ ነጻ ስለመሆኑም የትኞቹ ቫይረሶች እንደ ተመረመሩ በስም የሚዘረዝር ወረቀት ይጠይቁ፤ «የተረጋገጠ ችግኝ» የሚል አጠቃላይ ቃል አይበቃም። ጭነቱ ሲደርስ በእያንዳንዱ እስር ላይ የዝርያው ስም፣ የክሎኑ ቁጥርና የሩትስቶኩ ስም መጻፉን ያረጋግጡ፤ ፕላስቲኩ ምልክት በአንድ ዝናብ ወቅት ስለሚደበዝዝ፣ በተከሉበት ቀን የረድፎቹን ካርታ በወረቀት ሥለው በሁለት ቅጂ ያስቀምጡ።